ስጦታ የሚጠይቅ ሞልቷል፤ የሚያጣራስ?

በግንቦት 2024 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካዋ ታላሃሲ ከተማ የሚገኘው ፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ሲያስመርቅ መድረኩ ላይ አንድ ግዙፍ የማሳያ ቼክ ቀረበ። የተጻፈበት 237 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለጋሹ ሄምፕ የተባለውን ተክል አመርታለሁ የሚል የግል ኩባንያ ባለቤት ሲሆን የዕለቱ የክብር ተናጋሪም እሱው ነበር። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ዜናውም በአንድ ቀን አገሩን አዳረሰ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ዩኒቨርሲቲው ስጦታውን ለጊዜው አቁሜዋለሁ አለ። ገቢ ማሰባሰቡን የምትመራው ምክትል ፕሬዚዳንት ያንን ኃላፊነት ለቀቀች፤ ፕሬዚዳንቱም በሐምሌ ወር ከሥልጣን እንደሚወርዱ አስታወቁ።

ነገሩ ቀረብ ብሎ ሲታይ የሚያስደንቀው የለጋሹ ድፍረት አይደለም። ስጦታ የተባለው ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በየትኛውም ገበያ የማይሸጥ የግል ኩባንያ አክሲዮን ነበር። ዩኒቨርሲቲው የአክሲዮኑን ዋጋ በገለልተኛ ገማች አላስመረመረም። ከለጋሹ ጋር ምስጢር የመጠበቅ ውል ስለተፈረመ፣ ጉዳዩን ማወቅ የነበረባቸው፣ የዩኒቨርሲቲውን ስጦታዎች የሚያስተዳድረው ፋውንዴሽን የቦርድ አባላት ወሬውን የሰሙት እንደማንኛውም ሰው ከመድረኩ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ይኸው ሰው በ2020 ለኮስታል ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ 95 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ነገሩ ሳይሳካ መቅረቱ ነው። ይህ ደግሞ በጋዜጣ የወጣ፣ ስሙን ኢንተርኔት ላይ የፈለገ ሁሉ የሚያገኘው ወሬ ነበር። በኋላ የተቀጠረው የሕግ ቢሮም ያረጋገጠው ይህንኑ ነው፤ የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹ ነበሩ፣ የታዩም ነበሩ፣ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ተባሉ።

በዩኒቨርሲቲዎች የገቢ ማሰባሰብ ሥራ ላይ ሰሞኑን የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ሰው ሰራሽ አስተውሎት፣ ስለ አንድ ቀን የልገሳ ዘመቻና የወጣት ምሩቃንን ልብ ስለመግዛት ነው። ሁሉም የየራሱ ቦታ አለው። ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ትልልቅ ተቋማትን አንገት ያስደፉ ጉዳዮች ግን መጠየቅ ባለመቻል የመጡ አይደሉም። የመጡት መርምሮ አለመቀበል፣ ውሉን አጥርቶ አለመጻፍና በጊዜ እምቢ ማለት ባለመቻል ነው። የሙያው ሥልጠና ደግሞ እስከ ዛሬ ያዘነበለው ወደ መጠየቁ ነው።

ገንዘቡ ወዴት፣ ለጋሹ ወዴት

ከላይ ሲታይ ዘመኑ የጥጋብ ይመስላል። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኬዝ የሚባለው የትምህርት ተቋማት የልማትና ድጋፍ ምክር ቤት በየዓመቱ በሚያወጣው ጥናት መሠረት፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች በ2020 የበጀት ዓመት 49.5 ቢሊዮን፣ በ2022 ደግሞ 59.5 ቢሊዮን ዶላር ሰበሰቡ። በ2023 ወደ 58 ቢሊዮን ዝቅ ብሎ በ2024 ወደ 61.5 ቢሊዮን ወጣ። ከሰጪዎቹ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ግለሰብ ምሩቃን ሳይሆኑ ፋውንዴሽኖች ናቸው፤ ከነሱም ውስጥ ብዙዎቹ የአንድ ቤተሰብ ሀብት የሚተዳደርባቸው ናቸው።

ሚሊዮን የሚያስደንቅበት ጊዜ አልፏል ማለት ይቻላል። ማይክል ብሉምበርግ በ2018 ለጆንስ ሆፕኪንስ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ሰጠ። ጆንና አን ዶር በ2022 ለስታንፎርድ 1.1 ቢሊዮን ሰጡ። በ2024 ሩት ጎተስማን ኒውዮርክ ብሮንክስ ለሚገኘው አልበርት አይንስታይን የሕክምና ኮሌጅ 1 ቢሊዮን ሰጥታ ትምህርቱን ለተማሪዎች ሁሉ ነጻ አደረገች። በ2025 የናይኪው መሥራች ፊል ናይትና ባለቤቱ ፔኒ ለኦሪገኑ የጤናና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ የካንሰር ማዕከል 2 ቢሊዮን እንሰጣለን አሉ።

ከታች ሲታይ ግን ሌላ ነው። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የሊሊ ቤተሰብ የበጎ አድራጎት ትምህርት ቤት ባጠናው መሠረት፣ በ2000 ከአሜሪካ ቤተሰቦች 66 በመቶው ለአንድ ዓይነት በጎ ሥራ ይሰጡ ነበር፤ በ2018 ይህ ወደ 49.6 በመቶ ወርዷል። የዩኒቨርሲቲ ምሩቃንም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። በ1990 አካባቢ ለተማሩበት ተቋም የሚሰጡት ወደ 18 በመቶ ይጠጉ ነበር፤ ዛሬ ከ10 በመቶ በታች ናቸው። ቀድሞ ባለሙያዎቹ 80 በመቶው ገንዘብ ከ20 በመቶ ለጋሾች ይመጣል ይሉ ነበር። አሁን ሲነጋገሩ የሚጠሩት 90 ለ10ን ነው፤ እሱም ቢሆን አንሷል የሚሉ አሉ።

ለዚህ አንድ ምክንያት ብቻ መስጠት አይቻልም። የተማሪ ዕዳ ያጎበጠው ምሩቅ ተቋሙን እንደ ባለውለታ ሳይሆን እንደ አበዳሪ ቢያየው አይፈረድበትም። የታክስ ሕጉም አለበት። በ2017 መጨረሻ የጸደቀው የአሜሪካ የታክስ ሕግ ማንኛውም ግብር ከፋይ ያለ ማስረጃ የሚቀነስለትን መጠን በእጥፍ ገደማ አሳደገው፤ ለአንድ ግለሰብ ከ6,350 ዶላር ወደ 12,000። ወጪውን ዘርዝሮ የሚያስቀንሰው ግብር ከፋይ ከ30 በመቶ ገደማ ወደ 10 በመቶ ወረደ። ለቀረው ብዙኃን 200 ዶላር መስጠት በግብሩ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ቀረ ማለት ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ደረጃ አውጪው ዩኤስ ኒውስም በ2023 የምሩቃንን የልገሳ ተሳትፎ ከመመዘኛዎቹ አወጣው። መመዘኛው የኋላ ኋላ ክብደቱ ወደ 3 በመቶ ቢወርድም ለብዙ ዓመታት ኃላፊዎችን እንቅልፍ ሲነሳ የኖረ ነው። 1 ዶላርም ብትሆን ላኩልን የሚሉት ደብዳቤዎች የተጻፉት ባብዛኛው ለዚህ ቁጥር ሲባል ነበር። ቁጥሩ ሲጠፋ የትንንሽ ለጋሾች ጉዳይ ደጋፊ አጣ። በእኔ አስተያየት ይህ ሁለት መልክ አለው። ሰው ለቁጥር ማሟያ መፈለጉ ቢቀር ጥሩ ነው፤ ግን የነገው ባለ 10 ሚሊዮን ለጋሽ ባብዛኛው ዛሬ 50 ዶላር የሚልከው ሰው ነው።

በመሃል ሌላ በር ተከፍቷል። በለጋሽ ምክር የሚመሩ የሚባሉት ፈንዶች ገንዘብ ያለው ሰው ዛሬ አስገብቶ የታክስ ቅናሹን ወዲያው የሚያገኝባቸው፣ ለማን ይሰጥ የሚለውን ግን ሲመቸው የሚወስንባቸው ሂሳቦች ናቸው። በ2023 በነዚህ ሂሳቦች የተቀመጠው ሀብት ከ250 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ለገቢ ማሰባሰብ ባለሙያው ይህ ማለት ገንዘቡ ለበጎ ሥራ ተብሎ ወጥቷል፣ ግን የትም አልደረሰም። የሰጪው ስም ላይታወቅ ይችላል። ደውሎ የሚያመሰግነው ሰው ሊያጣ ነው።

ቢሊየነሯ መኬንዚ ስኮት ደግሞ ጨዋታውን በሌላ በኩል ቀየረችው። በ2020 ለታሪካዊ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲዎች ስትሰጥ፣ ለፕሬሪ ቪው 50 ሚሊዮን፣ ለሃዋርድ 40 ሚሊዮን፣ ለሞርጋን ስቴት 40 ሚሊዮን ዶላር፣ ማመልከቻ አልጠየቀችም፤ ለዚህ አውሉት ለዚያ አታውሉት የሚል ገደብም አላኖረችም። ለዓመታት ሲወጣ ሲወረድ የኖረው የመቀራረብ ጥበብ እዚህ ላይ ሚናው ትንሽ ነበር። የተቋሞቹ ሥራና ሂሳብ ከሩቅ ሆኖ ለሚያየው ሰው ግልጽ መሆኑ ከእራት ግብዣ በልጦ ተገኘ።

ቢሮው ውስጥ

የትልልቅ ስጦታዎች ባለሙያ የሚባለው ሰው በተለምዶ ከ100 እስከ 150 ስሞች ያሉበት ዝርዝር ይሰጠዋል። ሥራው ሰዎቹን መለየት፣ መቀራረብ፣ መጠየቅ፣ ከሰጡ በኋላም ማመስገንና ማቆየት ነው። ይህ ስልት በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በዴቪድ ደንሎፕ አማካይነት የተደራጀ ሲሆን፣ ከእያንዳንዱ ለጋሽ ጋር ያለው ግንኙነት በዕቅድ ደረጃ በደረጃ እንዲራመድ ያደርጋል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ችግሩ የመጣው ደረጃዎቹ በኮምፒዩተር መዝገብ መቆጠር ሲጀምሩ ነው። በወር ስንት ጉብኝት፣ ስንት ጥያቄ፣ ስንት ሪፖርት የሚለው መለኪያ ባለሙያውን ወደ ተላላኪነት ይገፋዋል።

ትልቅ ስጦታ ደግሞ በወር አይበስልም። ጎተስማን አይንስታይን ኮሌጅ የገባችው በ1968 ነው። እዚያው በፕሮፌሰርነት ሠርታለች፣ ቦርዱን መርታለች። ገንዘቡን ያወረሳት ባለቤቷ በርክሻየር ሃታዌይ በተባለው የዋረን ቡፌት ኩባንያ ቀደም ብለው አክሲዮን ከገዙት አንዱ ነበር። ስትሰጥም ኮሌጁ በስሜ አይጠራ ብላለች። ይህን ያመጣው የማንም የሩብ ዓመት ዕቅድ አይደለም፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የቆየ ዝምድና ነው። የገቢ ማሰባሰብ ባለሙያዎች ግን በየሁለት በየሦስት ዓመቱ የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ ከተቋም ወደ ተቋም ሲዘዋወሩ ማየት የተለመደ ነው። ለጋሹ አዲስ ፊት ባየ ቁጥር ያንኑ ታሪኩን ከመጀመሪያው ይደግማል፣ በመጨረሻም ይሰለቻል።

ብዙ ዋና ኃላፊዎች ለዚህ የሚሰጡት መፍትሔ ደመወዝ መጨመር ነው። ደመወዝ ቀላል ነገር ባይሆንም ሰውን የሚያስቀረው እሱ ብቻ አይደለም። በሙያው የሥነ ምግባር ሕግ መሠረት ባለሙያ ከሚያመጣው ገንዘብ በመቶኛ ሊከፈለው አይችልም፤ ለጋሹን እንደ ገበያ እንዳያየው ተብሎ የተደነገገ ነው። ስለዚህ የሚቀረው ማትጊያ ዕድገትና ክህሎት ነው። እዚህ ላይ ነው የሥልጠናው ነገር የሚነሳው።

ሙያው ሙያ ተብሎ መደራጀት የጀመረው ብዙም ሩቅ ባልሆነ ጊዜ ነው። ሄንሪ ሮሶ የገቢ ማሰባሰብ ትምህርት ቤቱን ሳንፍራንሲስኮ ላይ የከፈተው በ1974 ነው። ኬዝ የተመሠረተውም በዚያው ዓመት በሁለት ነባር ማኅበራት ውህደት ነው። የሙያ ማረጋገጫ ፈተናው በ1981 ተጀመረ። የሮሶ ትምህርት ቤት በ1987 ወደ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ ዛሬ እዚያ የዶክትሬት ዲግሪ እስከ መስጠት የደረሰ የበጎ አድራጎት ትምህርት ቤት አለ። በ1993 ማኅበራቱ ተባብረው የለጋሾችን የመብት ሰነድ አወጡ። ሰነዱ ግሩም ነው፤ ግን ለጋሹ ከተቋሙ ምን እንደሚጠብቅ እንጂ ተቋሙ ለጋሹን እንዴት እንደሚመረምር አይናገርም።

ሥልጠና በትክክል ሲሰጥ ምን እንደሚያመጣ ለማየት ደቡብ አፍሪካን መመልከት ይበቃል። የአሜሪካው ክሬስጊ ፋውንዴሽን ከ2006 ጀምሮ ኢንያቴሎ ከተባለው የአገሬው ድርጅት ጋር ሆኖ እንደ ዊትዋተርስራንድ፣ ፕሪቶሪያና ዌስተርን ኬፕ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችን ሲደግፍ ገንዘቡ ለሕንጻ አልዋለም፤ የገቢ ማሰባሰብ ቢሮ እንዲያደራጁ፣ ሠራተኛ እንዲቀጥሩና እንዲያሠለጥኑ ነው የዋለው። ዩኒቨርሲቲዎቹ በየዓመቱ ያስቀመጡትን የገቢ ግብ ሲያሟሉ ተጨማሪ ይሰጣቸው ነበር። እንግሊዝ ደግሞ ከ2008 እስከ 2011 ሌላ መንገድ ሞክራለች፤ ዩኒቨርሲቲው ያሰባሰበውን ስጦታ መንግሥት 200 ሚሊዮን ፓውንድ መድቦ በማሟያ ያጠናክርለት ነበር። ሁለቱም ሠርተዋል። የደቡብ አፍሪካው ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ከገንዘቡ ይልቅ ሰውን ስለ ገነባ ነው።

እምቢ ማለትን ማን ያስተምራል?

የለንደን ኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት የጋዳፊ ልጅ ከሚመራው ፋውንዴሽን 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ቃል ተገብቶለት ሊቢያ በ2011 ስትናወጥ ነገሩ ፈነዳ። የደረሰው 300,000 ፓውንድ ብቻ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ሃዋርድ ዴቪስ ግን በመጋቢት ወር ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም በወሲብ ወንጀል የተፈረደበት የባለሀብቱ የጄፍሪ ኤፕስታይን ገንዘብ በ2019 ሚዲያ ላብ የተባለውን የምርምር ማዕከል ኃላፊ ጆይ ኢቶን ከቦታው አስነሳ። ተቋሙ ያስጠናው ምርመራ ከ2002 እስከ 2017 የገባው ጠቅላላ 850,000 ዶላር መሆኑን አሳየ። ለኤምአይቲ ይህ የኪስ ገንዘብ ነው። ለዚህች ገንዘብ የተከፈለው ስምና ጊዜ ግን እስከ ዛሬ ተቆጥሮ አላለቀም።

ስጦታው ንጹሕ ሆኖ ውሉ ልል ከሆነም ያው ነው። የሮበርትሰን ቤተሰብ በ1961 ለፕሪንስተን 35 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን ሲሰጥ ዓላማው ወጣቶችን ለመንግሥት አገልግሎት፣ በተለይም ለውጭ ጉዳይ ሥራ ማዘጋጀት ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ ልጆቹ ገንዘቡ ከታለመለት ውጪ ውሏል ብለው በ2002 ከሰሱ። ክርክሩ ስድስት ዓመት ፈጅቶ በ2008 መጨረሻ በስምምነት ሲዘጋ ዩኒቨርሲቲው ለቤተሰቡ የጠበቃ ወጪ 40 ሚሊዮን፣ ቤተሰቡ ለሚያቋቁመው አዲስ ፋውንዴሽን ደግሞ 50 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የጥሪው ደብዳቤ ምን ያህል ያማረ ነበር የሚለውን በስድስቱ ዓመት ውስጥ ያነሳ የለም። ጥያቄው ሁሉ ውሉ ላይ ነበር።

ለጋሽ ሲቆጣስ? በ2023 መጨረሻ የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ትልቅ ለጋሽ የሆነው ማርክ ሮዋን ዩኒቨርሲቲው ፀረ አይሁድነትን በበቂ አላወገዘም በሚል ሌሎች ለጋሾች ከ1 ዶላር በላይ እንዳይልኩ ጥሪ አደረገ። ፕሬዚዳንቷ በታኅሣሥ ወር ለቀቁ። ሃርቫርድም በ2024 የበጀት ዓመት የተቀበለው ስጦታ በ151 ሚሊዮን ዶላር ወረደ። የሚገርመው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። የፌዴራል መንግሥት የምርምር ገንዘብ ሲያቋርጥበት በ2025 ለዕለት ሥራ የሚውለው ስጦታ ወደ 629 ሚሊዮን ዶላር አሻቀበ፤ በተቋሙ ታሪክ ከፍተኛው ነው። ለጋሽ ተቆጥቶ እንደሚርቀው ሁሉ ተቆጥቶም ይሰጣል። በዚህ ማዕበል መሃል ቆሞ ለሁለቱም ወገን ስልክ የሚያነሳው ባለሙያ ደግሞ ስለ ዩኒቨርሲቲ አስተዳደርና ስለ አካዳሚ ነጻነት ጠንቅቆ ማወቅ አለበት። የሁለት ቀን የንግግር ጥበብ ሥልጠና እዚህ ላይ አያዛልቅም።

የቴክኖሎጂውም ጉዳይ ከዚህ አይርቅም። ማን ሊሰጥ እንደሚችል የሚገምቱ፣ የምስጋና ደብዳቤ የሚያረቅቁ ፕሮግራሞች በየቢሮው ገብተዋል፤ ጊዜም ይቆጥባሉ። ግን ሁሉም የሚመገቡት የሰዎችን ሀብት፣ ቤተሰብና አድራሻ የያዘ መዝገብ ነው። በ2020 ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የለጋሾችን መረጃ የሚያስተዳድረው ብላክባውድ በመረጃ ጠላፊዎች ተደፈረ፤ በ2023 ከ49 የአሜሪካ ግዛቶችና ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር 49.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተስማማ። ይቅርታ መጠየቁ ግን የየዩኒቨርሲቲው ዕጣ ነበር፤ ለጋሹ የሚያውቀው የተማረበትን ተቋም እንጂ ሶፍትዌር ሻጩን አይደለም።

ስለዚህ የሥልጠና በጀት የሚያጸድቅ ኃላፊ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ሰው ኮንፈረንስ ሄደ ብዬ አይደለም። ማን ነው ስጦታን የማስቆም ሥልጣን ያለው? እሱስ የኩባንያ ሂሳብ ማንበብ፣ የስጦታ ውል መመርመር፣ የለጋሽን ታሪክ ማጣራት ተምሯል? በመስኩ የለጋሽ ጥናት ባለሙያዎች የሚባሉ አሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚቀጠሩት ሀብታም ፈልገው እንዲያመጡ ነው። ያንኑ ችሎታቸውን ለማጣራት ማዋልና ቃላቸው ከዋናው ጠያቂ ቃል እኩል እንዲሰማ ማድረግ ትልቅ ወጪ አይጠይቅም። የታላሃሲው ቼክ መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት አንድ እንዲህ ያለ ሰው ይህ አይሆንም የማለት ሥልጣን ቢኖረው ኖሮ የፕሬዚዳንቱ መጨረሻ ሌላ ይሆን ነበር።

ከ2026 ጀምሮ የአሜሪካ ሕግ ሌላ ዙር ይጀምራል። ወጪውን ዘርዝሮ የማያስቀንስ ግብር ከፋይ በግል እስከ 1,000፣ ባልና ሚስት ሲሆኑ እስከ 2,000 ዶላር የሚደርስ ልገሳ ይቀነስላቸዋል። ለትልልቅ ለጋሾች ግን ጠበቅ ብሏል፤ ከገቢያቸው 0.5 በመቶ እስኪያልፍ ድረስ የሰጡት አይቀነስም፣ ከፍተኛ ገቢ ያላቸው የሚያገኙት ጥቅምም ከ35 በመቶ አይበልጥም። በሀብታም ዩኒቨርሲቲዎች ቋሚ ፈንድ ትርፍ ላይ የሚጣለው ታክስም ከ1.4 በመቶ እስከ 8 በመቶ ድረስ ወጥቷል። ሕጉ ለትንሹ ለጋሽ በሩን መልሶ ገርበብ ሲያደርግለት፣ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ለምሩቃን ይደውሉበት የነበረውን የስልክ ማዕከል ዘግተው፣ ዓመታዊ የልገሳ ክፍላቸውን በአንድ ወይም በሁለት ሰው ብቻ ትተው ነው የሚቀበሉት።